ውሃ መያዝ የሌለበት ግድብ

ግድቡን ያፈረሰችው እሷ ናት ይሉኛል። አላፈረስኩትም። ይህን የምጽፈውም ለመታረቅ አይደለም፤ ዕርቅ የሚፈልግ ቤቴን ያውቀዋል። የምጽፈው እኔ ካለፍኩ በኋላ በመንደሩ የሚቀረው ወሬ የባሌ እህት የምታወራው ብቻ እንዳይሆን ነው።

መንደራችን ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ መካከል ያለች ናት። ግማሹ ነዋሪ አረብ ነው፤ ግማሹ እንደኛ ከጎንደርና ከመተማ በኩል ለአረም ወይም ለአጨዳ መጥቶ የቀረ። በላይዋ በኩል ኮር አለ። ኮር በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ፍየል የሚተኛበት፣ ክረምት ሲገባ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሬ የሚወስድ ወንዝ ነው።

ባሌ ውሃ የሚያውቅ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ኒው ሀልፋ የመስኖ ቦይ የሚጠርግ ማሽን ሲነዳ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ከዚያ ወደዚህ መጥቶ የአንድ ባለ ሰሊጥ ትራክተር ነጂ ሆነ። በተጋባን በሁለተኛው ክረምት ኮሩ ቤታችን ገባ። ዶሮዎቼን፣ ሁለት ጆንያ ማሽላና እናቴ የሰጠችኝን ቀሚስ ወሰደ። በማግስቱ ባሌ ጭቃው ውስጥ ቆሞ ሽቅብ ሽቅብ ሲያይ ዋለና፣ «ይህን ውሃ ማስቆም አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል» አለኝ።

በዚያው በጋ የመንደሩን ሼህ ፈቃድ ጠየቀ። ሼሁ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ጻፉለት። አጨዳው ሲያልቅ ትራክተሩን ከጌታው ተውሶ፣ ኮሩ በሚጠብበት ቦታ ላይ አፈር እየገፋ ቆለለ። ቁመቱ ከሰው በላይ ሆነ፤ ርዝመቱ ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ ሲሄዱት አንድ አባታችን ሆይ ተደግሞ ያልቃል። አረቦቹ ተረስ ይሉታል፣ እኛ ግድብ አልነው። ከሥሩ የሦስት በርሜል ክዳንና ቂጥ ቆርጦ፣ በርሜሎቹን በብየዳ አያይዞ እንደ ቱቦ ቀበረበት። መዝጊያ አላበጀለትም። ጎርፉ ሲመጣ ከግድቡ ኋላ ይጠራቀማል፤ በቱቦው ግን ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ግድቡ ደርቆ ቀጣዩን ጎርፍ ይጠብቃል።

ሰዉ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀው በኋላ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሊቀመንበር የሆነው ሰውዬ ነው። ያኔ የባሌ ጓደኛ ነበር።

«ስማ እንጂ፣ ግድብ ነው የሠራኸው ወይስ ወንፊት?» አለው።

«ወንፊት ነው» አለ ባሌ። «ጎርፍ እነፋበታለሁ።»

ከዚያ ክረምት ጀምሮ ውሃ የማንንም ደጃፍ አልረገጠም። የሳቀ ሁሉ ደረቅ ወለል ላይ ተኛ። አመሰግናለሁ ያለ ግን አላስታውስም።

አንድ ነገር ሰው አያውቅም፤ ወይም እያወቀ ይተወዋል። የኛ አገር አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስከ ክርን የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሳይዘጋ ትልቅ ጎርፍ ከመጣ ውሃው በውስጡ መንገድ ያበጅና ግድቡን ከሆዱ ይበላዋል። ስለዚህ ባሌ በየዓመቱ የመጀመሪያዋ ካፊያ እንደ ጣለች ከብት ጠባቂዎቹን ይለምናል፤ ከብታቸውን በግድቡ ጀርባ ላይ ወዲያና ወዲህ ይነዱለታል። «ለዋልካ ከትራክተር ጎማ የከብት ኮቴ ይሻላል፤ ጎማ ይጫነዋል፣ ኮቴ ግን ያቦካዋል» ይል ነበር። እኔ ከኋላ እየሄድኩ ኮቴ ያልደረሰበትን ስንጥቅ በተረከዜ እረግጥ ነበር። ስንት ዓመት እንደረገጥኩ ጉልበቴ ያውቃል። የባሌ እህት በእነዚያ ዓመታት ግድቡ ላይ ስትወጣ ያየሁት አንድ ቀን ነው፤ የጠፋች ፍየል ስትፈልግ።

ስለ እሷም ልናገር። ከመተማ ያስመጣኋት እኔ ነኝ። ሁለት ክረምት በቤቴ በልታ ጠጥታ፣ ከቤቴ ተድራ ወጥታለች። ለዋርሳ ከዚህ በላይ የሚደረግ ካለ አላውቀውም።

ባሌ በኩላሊት ታሞ ሞተ። ስለ ሕመሙና ስለ መጨረሻ ቃሉ እዚህ አልጽፍም፤ የኔ ነው። ይህን ብቻ እላለሁ፦ በሞተበት ቀን ከረፋዱ ላይ መድኃኒት ፍለጋ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ነፍሱ ነበረች፣ አነጋግሮኛልም። በአርባው ተዝካር ላይ እህቱ በሰው መሐል ተነሥታ፣ «ወንድሜ ተናዝዟል፤ ግድቡን ለታቦት ሰጥቷል» አለች። መቼ ቢባል፣ እኔ መድኃኒት ፍለጋ በሄድኩባት ሰዓት ነው። የነፍስ አባቱ ተጠየቁ።

«እኔ አልሰማሁም» አሉ፣ «ግን መልካም ሐሳብ ነው።»

ታቦት ግድብ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል፤ ነገሩ የጥምቀት ነገር ነው። እኛ በመጣንበት አገር ታቦት ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ሕዝቡ በባሕሩ ዙሪያ ያድራል። እዚህ ጥር ላይ ኮሩ አቧራ ነው። በየዓመቱ ሜዳ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሮቶ ይተከላል፤ ካህኑ ሮቶውን ባርከው በቧንቧ ይረጩናል። መንገደኛ አረብ መኪናውን አቁሞ ውሃ የሚታደል መስሎት ጀሪካን ይዞ የመጣበት ጊዜ አለ። አሮጊቶቹ በዚያ ያለቅሱ ነበር። እኔም አልቅሻለሁ። ፍላጎታቸው ክፉ ነበር አልልም።

የመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሊቀመንበሩና ሰዎቹ የቱቦውን አፍ ጭቃ በሞላ ጆንያ ደፈኑት። ውሃው ተኝቶ ቀረ። በጥር ወገብ የሚደርስ ውሃ ነበረን። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጥምቀት እኔም እልል ብያለሁ። ዳክዬዎች እንኳ መጥተው ነበር። ሰዉ ውሃው ውስጥ ሲገባ አይቼ ባሌ ይህን ባየ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ባሌ ይህን ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጆንያው መቼ ይወጣል ብሎ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

አላወጡትም። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። ግንቦት ላይ እኔው ወረድኩ። ጆንያዎቹ ደርቀው ድንጋይ ሆነው ነበር፤ በመጥረቢያ እየሰነጠቅኩ በሁለት ቀን አወጣኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ከባሌ እህት ጋር ደጄ ላይ ቆመ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ።

«ማንን ማስፈቀድ ነበረብኝ?»

«የማኅበሩ ነው። ታቦት የወረደበት ነው። መጥረቢያ ይዘሽ ትገቢበታለሽ?»

«ምን ታድርግ አያ» አለች የባሌ እህት፣ «ወንድሜ የሰጠውን ልትነጥቅ ነዋ። ድሮም እጇ አይፈታም።»

ሁለት ክረምት ያበላኋት ናት እጇ አይፈታም ያለችኝ። በሩን ዘጋሁ።

አሁን የምጽፈውን ለነፍስ አባቴ እንጂ ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ልብስ ሳጥብ በአጥሬ በኩል ሰዎች አሸዋ ይዘው ወደ ግድቡ ሲሄዱ አየሁ። ከኋላቸው በአህያ ጋሪ ሲሚንቶ ይከተላል። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ጆንያው ስለሚያፈስና እኔም ስለማወጣው ቱቦውን ለዘለዓለም ሊደፍኑት ነው። ሮጬ፣ «ተዉ፣ ይህ ግድብ ባዶ ካልሆነ ጎርፍ አይቀበልም፤ የሞላ እንስራ ሌላ ውሃ አይጨመርበትም» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ፣ የናንተ ከሆነ የናንተ ይሁን፣ ሲደርስባችሁ አያለሁ አልኩ በልቤ። ሲሚንቶው ሲቦካ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ልብሴን ማጠብ ቀጠልኩ።

ያኔ ከግድቡ ሥር ባለው ሜዳ የሰፈረ ማንም አልነበረም፤ ፈንጠር ያለው መንደራችን ላይ የሚደርሰው የድሮው ጎርፍ ነው፤ ዝምታዬን ቀላል ያደረገው ይህ ነው። ነገር ግን በዚያው በጋ ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ሰዎች መጡ። ሼሁ የት ያስፍሯቸው? ከግድቡ በታች ያለው የኮሩ ሜዳ ለዓመታት ጎርፍ ስላላየ ደረቅ፣ ሰፊና ባዶ ነበር። እዚያ ላይ የጭቃ ቤትና የሸራ ድንኳን ሠሩ። ደረቅ ያደረገው የባሌ ግድብ ነው፤ ሰዎቹን እዚያ ያስቀመጠውም ያው ግድብ ነው። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አሰብኩት፤ ግድብ ባይኖር ማንም እዚያ አይሰፍርም ነበር።

ክረምቱ ገባ። ግድቡ ከአምናው ውሃ ሲሶውን እንደያዘ ነበር። በሐምሌ ሦስት ጎርፍ በላዩ መጣበት። ሐምሌ ሳያልቅ ውሃው ከግድቡ ጫፍ ሁለት ስንዝር ያህል ብቻ ቀረው። በየጠዋቱ እሄድ ነበር። አንድ ቀን በታችኛው ጎን፣ ከሥሩ፣ የክንድ ስፋት ያለው እርጥበት ውሃ ሲያንጠባጥብ አየሁ። ባሌ፣ «የጠራ ውሃ ቢያልብ አትፍሪ፤ ድፍርስ ሲሆን ግን ግድቡ ራሱን እየበላ ነው» ይለኝ ነበር። በመዳፌ ተቀበልኩት። ድፍርስ ነበር፤ ጣቶቼ መሐል አፈር ቀረ። በዚያ ዓመት ከብት የነዳበት፣ ስንጥቅ የረገጠ ሰው አልነበረም፤ እኔም ተቀይሜ አልረገጥኩም።

ቀጥ ብዬ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አያ፣ ግድቡ ሊሄድ ነው» አልኩት።

«እህቴ፣ ታቦት የወረደበት ውሃ ሰው አይጎዳም።»

«ታቦቱ እኮ ተመልሶ መንበሩ ገብቷል። እዚያ የቀረው ውሃ ነው።»

መሬት መሬት እያየ፣ «ለመሆኑ» አለ፣ «ከፈረሰስ እኛ ነን የሠራነው? ባልሽ ነው የሠራው። ሥራው ደካማ ከሆነ እኛ ምን እናድርግ?»

እዚያ ላይ ቆሜ ገረመኝ። ውሃው ጥሩ ሳለ ግድቡ የማኅበሩ ነበር፤ ሲያልበው የባሌ ሆነ።

ሼሁ ቤት ሄጄ ጭቃውን በመሐረቤ እንደያዝኩ አሳየኋቸው። እኒህ ሰው አርጅተዋል፤ ግን ዋልካ ያውቃሉ። በዚያው ቀን ከሰዓት ሁሉንም በግቢያቸው ባለው ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ሰበሰቡ፤ ሊቀመንበሩን፣ የማኅበሩን ሰዎች፣ የባሌን እህት፣ ከታች ከሰፈሩትም አንዲት አስተማሪ የነበረች የካርቱም ሴትና ጥቂት ወንዶች። ሼሁ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ተረሱ የማን ነው? ዛሬ ቢፈርስና ሰው ቢሞት ደሙን የምጠይቀው ከማን ነው?»

ሰዉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«የማኅበሩ አይደለም» አለ ሊቀመንበሩ። «በስማችን ወረቀት የለንም።»

«አንቺስ?» አሏት የባሌን እህት። «ወንድሜ ነው የሰጠው ስትይ ነበር።»

«ሙት ይጠየቃል እንዴ፣ ያ ሼህ?» አለች። «እኔ ሴት ነኝ፣ ምን አውቃለሁ።»

ከኋላ አንዱ፣ «የመንግሥት ነው በሉና እንገላገል» አለ።

«የቱ መንግሥት?» አለው ሌላው። ሰዉ ሳቀ፤ የካርቱሟ ሴት ግን አልሳቀችም። እኔን ነበር የምታየው።

እዚያ ተቀምጬ ምን አሰብኩ? ስለ ባሌ አላሰብኩም። ያን የአጥር ቀዳዳ ነው ያሰብኩት። የኔ አይደለም ብዬ ዝም ስላልኩ ነው ይህ ሁሉ ሰው እዚህ የተሰበሰበው። አሁንም ዝም ብል የሚከሰኝ አልነበረም። ሼሁ ያኔ ለባሌ የጻፉለትን ወረቀት ከጡቴ ሥር አውጥቼ ሼሁ ፊት አስቀመጥኩ።

«ሐጊ» አልኩ በአረብኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፤ ይህም ማለት፦ የእኔ ነው።

«ያ ሐጃ» አሉኝ፣ አንቺ ሐጃ ማለታቸው ነው፤ በዚህ አገር ክርስቲያንም ብትሆኚ ካረጀሽ ሐጃ ነሽ። «የባልሽ ነው ወይስ የአንቺ?»

«የእኔ ነው።»

«ቢፈርስም?»

«ቢፈርስም።»

«ሰው ቢሞትም?»

«እሱን ላለማየት ነው የመጣሁት» አልኩ። «የኔ ከሆነ ግን ዛሬውኑ የምለው ይደረግ።»

ሼሁ ምርኩዛቸውን አነሡ። «ባለቤቷ ተገኘች» አሉ።

መጀመሪያ ከታች ያሉት ልጆቻቸውንና ፍራሻቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲወጡ አደረግኩ። ቱቦውን መክፈት አይቻልም ነበር፤ ሲሚንቶው ከውሃው ሥር ነው። ግድቡን መሐሉ ላይ መቁረጥም ሞት ነው፤ ዋልካ አንዴ ከተቆረጠ ውሃው ራሱ ቆርጦ ይጨርሰዋል። ባሌ ያሳየኝ ቦታ ነበር፤ በግራ በኩል ግድቡ ከኮረብታው ጋር የሚገናኝበት ጭንጫ። እዚያ አፈሩ አይታጠብም። ከግድቡ ውጭ፣ ጭንጫው ላይ፣ ትንሽ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ስንዝር በስንዝር ማውረድ ነው። የቆፈሩት የካርቱም ሰዎች ናቸው። የቢሮ ሰዎች ነበሩ፤ መዳፋቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃ ቋጠረ። ከኛ ሰው የመጡት ሦስት ናቸው። ማን ማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ያልመጡትንም አውቃለሁ።

የባሌ እህት መጣችና ከቆፋሪዎቹ አጠገብ፣ የግድቡ ጀርባ ላይ ተቀመጠች።

«የጥምቀቱን ውሃ ከምታፈሱ በላዬ ላይ ቆፍሩ!» አለች። «ወንድሜን ሁለተኛ ልትገድይው ነው?»

«እዚያ አትቀመጪ» አልኳት፣ «ሥሩ ርሷል።»

«አንቺ ብሎ አዛዥ!»

ቃሏ ሳያልቅ ከተቀመጠችበት በታች ያለው የግድቡ ጎን፣ አልጋ የሚያህል አፈር፣ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ወረደ። ድምፁ ላም ስትተኛ የምታሰማው ዓይነት ነው። እሷ አንድ እግሯ አየር ላይ ቀረ። ሌላ እጅ የዘረጋላት የለም፤ ክንዷን ይዤ የጎተትኳት ግን እኔ ነኝ። ይህን ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

ውሃው በሁለት ቀን ከወገብ በታች ወረደ። በቦዩ በኩል የሄደው ጎርፍ አንድ አጥርና አንድ የሸንኮራ ማሳ ወሰደ። ሰው አልሞተም። ውሃው ሲያልቅ ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ አስፈለጥኩት።

በጥር ሮቶው ተመልሶ ሜዳ ላይ ተተከለ። ካህኑ ሲረጩ ሰዉ ከኔ ፈንጠር ብሎ ቆመ። «ባሕራችንን ያፈሰሰች» ስትል አንዲት ልጅ ሰማኋት፤ ልጅ ከራሷ አታወጣውም፣ ከቤት የሰማችው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰላም የሚለኝ ሰው ቁጥር አነሰ። የካርቱሟ አስተማሪ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ቋንቋችን ብዙም አይገናኝም፣ አብረን ሰሊጥ እንለቅማለን። ከእሷ ሰዎች ግማሾቹ ወደ ላይ ወጥተው ሰፈሩ። ግማሾቹ ግን እዚያው ናቸው፤ የት ይሂዱ?

ባለቤት መሆን ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ግድቡ የኔ ነው ስል የምፈልገው ሰው እንዲያከብረኝ ነበር። አሁን ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ጫማዬን እፈልጋለሁ። በግንቦት ከብት ጠባቂዎቹን የምለምነው እኔ ነኝ፤ ስንጥቁንም እንደገና እረግጣለሁ። ሼሁ በወረቀቱ ጀርባ ስሜን ጽፈውበታል፤ እንደኔ ላለ የውጭ አገር ሰው ይህ ወረቀት ምን ያህል እንደሚጸና አላውቅም። ከኔ በኋላ ማን እንደሚጠብቀውም አላውቅም። ልጆቼ የት እንዳሉ እዚህ አልጽፍም።

ባለፈው መስከረም ሊቀመንበሩና የባሌ እህት ሁለት ሽማግሌ አስቀድመው መጡ። አስቀመጥኳቸው። ለረጅም ጊዜ ስለ ማሽላው አወራን።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ ሊቀመንበሩ፣ «ያው ጥምቀት አለ። ዝናቡም አብቅቷል። ቱቦውን ብትፈቅጂልን...»

ፈቃድ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ ብል ውሸት አይሆንም፤ ያሰብኩትን ያህል ግን አልነበረም።

«በጆንያ ብቻ» አልኩ። «ሲሚንቶ የሚባል እዚያ አይደርስም። በቃና ዘገሊላ ማግስት ይወጣል፤ የሚያወጣውም የደፈነው ሰው ነው፣ በገዛ እጁ። እኔ ቆሜ አያለሁ።»

«እኛ?» አለች የባሌ እህት።

«አንቺም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሊቀመንበሩ እሺ አለ፤ እሷ ነጠላዋን አጣፋች፤ ያንንም እንደ እሺ ቆጠርኩት።

በቃና ዘገሊላ ማግስት ጠዋት ግድቡ ላይ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ወገቡን እያሻሸ ሁለት ጆንያ ካወጣ በኋላ ተቀመጠ። የቀረውን እሷ ያዘች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ፣ እስከ ባቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ፣ አንዱን ጎተተች፣ ሌላውን ጎተተች። ዕድሜዋ ከኔ ብዙ አያንስም። ውሃው በቱቦው መውጣት ጀመረ። ቀና ብላ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየችኝ።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ።

ወርጄ ወደ ቱቦው ጎንበስ አልኩና ወደ ውስጥ ተመለከትኩ።

«ከውስጥ አንድ ቀርቷል» አልኳት። «ያዢው፣ በዚህ በኩል እኔም እስበዋለሁ።»